ስለ ረከሰ ሸክላ

በቅዳሜ ገበያ የሚውል የጐንደር ሰው ጤፍ ረከሰ ሲባል በሰማ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ከደምቢያ የወጣው፥ ከወገራ የወረደው እህል በዝቶ ዋጋው ዝቅ ብሏልና፤ አንድ ቍና ይሸምት የነበረው ድኻ ያን ዕለት ኹለት ይሸምታል። ይኸው ሰው በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጽዋ ረከሰ የሚል ወሬ ቢሰማ ግን ይደነግጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያስደስተውም የሚያስደነግጠውም እርሱ ነው። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ አንዱ ቃል ኹለት ምስጢር ተሸክሞ ይኼዳልና። ተማሪ ኅብር ባገኘ ጊዜ እንደ ወርቅ ደብቆ ለበዓል ያቈየዋል። ነገር ግን ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ የዋጋን መውረድና የክብርን መውረድ በአንድ ቃል ያሰራቸው ለባለ ቅኔ መጫወቻ እንዲኾኑ ብቻ ነውን? ወይስ ዋጋው የወረደ ነገር ክብሩም አብሮ ይወርዳል ብሎ በልቡ ያምናል?

ይህ ጥያቄ በጤፍ ላይ ቢነሣ ከንቱ ነው፤ ርካሹም ውዱም ጤፍ እንጀራ ይኾናልና። በተቀረጸ ድምፅ ላይ በተነሣ ጊዜ ግን ሰው ከሰው ይከራከርበታል፤ የሚከራከሩትም ሰነፎች አይደሉም።

ድምፅ የሚቀረጽበትን ክብ ጥቍር ሰሌዳ የአማርኛ ተናጋሪ ሸክላ ብሎታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። የጥንቱ ሸክላ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ይሠራ ስለ ነበረ፥ ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይሰበር ነበር። በኋላ የማይሰበር ፕላስቲክ ተተካ፤ ስሙ ግን ቀረ። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለበት። በቀድሞው ዘመን ድምፁ መጀመሪያ የሚጫረው በሰም ላይ ነበር፤ ከሰሙ ወደ ብረት ይገለበጣል፤ በብረቱም እንደ ማኅተም ሺህ ሸክላ ይታተማል፤ ሰሙ ግን ተፍቆ ለሌላ ድምፅ ይሰናዳል። ሰሙ አልፎ ወርቁ ይቀራል የሚለውን ነገር የቅኔ መምህር ለተማሪው ሲያስረዳ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ምሳሌ ባልፈለገ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር የኢትዮጵያን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ሲያስቀርጹ ድምፃቸው ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። ያም ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በፈረንጅ ቍጥር በ2011፥ እንደ ገና ታትሞ ለማንም ሰው በሚቻል ዋጋ ወጥቷል።

የጥያቄው ዋና ምስክር ግን ከጐንደር ይነሣል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፥ በፊተኛው ስማቸው የውብዳር ገብሩ፥ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ጐንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ፥ የውጭውን ዓለም ያወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ገና በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ሙዚቃ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በካይሮ ኮንቶሮቪች ከሚባል ከፖላንድ ከመጣ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ደግሞ ወደ ለንደን ኼደው ሊማሩ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ይህ ሳይኾን በቀረ ጊዜ ዓለምን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኰሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጐንደር ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲኼዱና ሲመለሱ በቅጥሩ ሥር የሚተኙ ወጣቶች ያዩ ነበር። እነማን እንደ ኾኑ ጠየቁ፤ የዜማ ተማሮች እንደ ኾኑ፥ ቤትም ምግብም እንደሌላቸው፥ እየለመኑ እንደሚማሩ ተነገራቸው። ለጐንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቈሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቶ፥ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ ሲቆም ያላየ የለም፤ እንዲያውም ከማየት ብዛት የተነሣ ማየት ትቶታል። እማሆይ ግን በውጭ አገር ያደጉ ስለ ነበሩ ይኾናል፥ አዩት። ከደባርቅና ከዳባት በኩል የሚወርደው የሌሊት ብርድ በድንጋይ አጥር ሥር ላደረ ልጅ ምን እንደ ኾነ አሰቡ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ እጃቸው ግን ፒያኖ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ያቀናበሩትን ዜማ በሸክላ አስቀርጸው እነዚህንና እነዚህን የመሰሉ ልጆች ሊረዱበት ቈረጡ። በፈረንጅ ቍጥር በ1960ዎቹ ውስጥ የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ።

ፒያኖ ከከበሮና ከጸናጽል ጋራ የማይቈጠር የባዕድ መሣሪያ ነው የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ዳሩ ግን እማሆይ ማሕሌት አልቆሙበትም፤ ተማሪ ሊያበሉበት ነው እንጂ። አንዳንድ ፈረንጅ ያን ዜማ በሰማ ጊዜ ጃዝ ነው ይላል፥ አንዳንዱም ሌላ ስም ያወጣለታል፤ የያሬድን ዜማ የሰማ ጆሮ ግን በቀኝ እጃቸው ውስጥ የሚመላለሰውን የዜማ ርክርክ አይስተውም።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ያ ሸክላ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምጽዋት ነበረ። ዋጋው የሸክላው ዋጋ አልነበረም፤ ለአንድ ልጅ ራት የሚቈረስ ነበር።

ዘመን አለፈ። እማሆይ በ1976 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ኼደው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ዐረፉ። ፊተኞቹ ሸክሎች ጥቂት ነበሩና ተበታትነው ከዐይን ጠፉ፤ ስለ ጠፉም ተወደዱ። በፈረንጅ ቍጥር በ2006 ሙሴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ኢትዮፒክስ በሚል ስም ተከታታይ አድርገው ከሚያወጡት የኢትዮጵያ ሙዚቃ መካከል 21ኛውን ክፍል ለእማሆይ ዜማ ብቻ ሰጡት። ከዚያም ወዲህ ሌሎች አሳታሚዎች በሸክላም በሲዲም አከታትለው አወጡት። ዛሬ የፊተኛው ሸክላ በጨረታ የሚሸጥ የባለጠጎች ዕቃ ኾኗል፤ ኋለኛው እትም ግን የአንድ መጠነኛ መጽሐፍ ያህል ነው የሚያወጣው።

ስለዚህ ኹለት ዓይነት ሰብሳቢ ተገኘ። አንደኛው የፊተኛውን ሸክላ ብቻ ይፈልጋል፤ ለእርሱ እንደ ገና የታተመው ኹሉ ጥላ ነው፥ ረክሷል። ኹለተኛው በጐንደር ፒያሳ አጠገብ በኪራይ ቤት የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው እንበል፤ ከደመወዙ እየቈጠበ፥ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እያስላከ፥ እንደ ገና የታተሙትን በርካሽ ያገኘውን ያህል ይሰበስባል። የእማሆይን ከያዘ በኋላ የአስናቀች ወርቁን ክራር ጨመረ፤ የዓለሙ አጋን በገና ጨመረ፤ ከውጭ አገርም ጃንጎ ራይንሃርት የሚባለውን የጃዝ ጊታር መቺ ሳጥን በሳጥን አመጣ። ፊተኛው ሰብሳቢ ኹለተኛውን ለቃቃሚ ይለዋል። ኹለተኛውም ፊተኛውን የዕቃ አምላኪ ይለዋል።

ለፊተኛው ሰው በቅንነት መሟገት ይገባል፤ ነገሩ ትዕቢት ብቻ አይደለምና። ብራና የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል። በጐንደር ዘመን የተጻፈ ዳዊት የያዘ ካህን በማተሚያ ቤት የታተመውን ዳዊት ከዚያ ጋራ አያስተካክልም፤ ቃሉ አንድ እንደ ኾነ እያወቀ አያስተካክልም። በብራናው ላይ የጸሐፊው እጅ አለ፤ የጧፍ ጠብታ አለ፤ የስንት አባቶች አውራ ጣት ያጠቈረው ጠርዝ አለ። እንዲሁም የፊተኛው ሸክላ እማሆይ በሕይወታቸው ሳሉ፥ የጐንደሩ ልጅ በቅጥሩ ሥር በተኛበት ወራት ከማተሚያው የወጣ ነው፤ ያ ልጅ እንዲበላ የተሸጠው እርሱ ራሱ ነው፥ አምሳያው አይደለም። ደግሞም ያለ ጠባቂ ብዙ ነገር ይጠፋል። ዋናው ቅጂ በጠፋ ጊዜ አሳታሚ የሚለምነው የእነዚህን ሰዎች ደጅ ነው፤ ርካሹ እትም ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከውዱ ሸክላ ማሕፀን ነው።

ይህ ኹሉ እውነት ነው፤ ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ይኼዳል። የፊተኛው ሸክላ ራሱስ ምንድር ነው? ከብረት የተገለበጠ ነው፤ ብረቱም ከሌላ የተገለበጠ ነው። እማሆይ የመቱት ፒያኖ ድምፁን አሰምቶ ዝም ካለ ብዙ ዓመት ኾኗል፤ ያን ድምፅ በእጁ የያዘ ማንም የለም። በጨረታ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው ሰው የገዛው ከግልባጮች መካከል ቀደም ብሎ የተገለበጠውን ነው። ቅድምና ክብር አለው፤ ቢኾንም የቅድምና ክብር የዕድሜ ክብር ነው እንጂ የባሕርይ ልዩነት አይደለም።

የብራና ጸሐፊዎችም በዚህ ነገር ፍርድ ሰጥተዋል፤ የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን በፈጸመ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ውግዘት ያኖራል፤ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይኹን ይላል። የገለበጠውን ግን አይረግምም። እንዲያውም ገልባጭ ባይኖር መጽሐፉ ከአንድ የቤት ቃጠሎ በላይ ዕድሜ አይኖረውም ነበር። የጐንደርን አብያተ ክርስቲያናት እሳት ስንት ጊዜ እንደ ጐበኛቸው ለሚያውቅ ይህ ተረት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጐንደር ወደ መቅደላ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት መካከል እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ይዘዋቸው የኼዱት ወደ ለንደን ገብተው የቀሩ ሲኾኑ፥ በመቅደላ ተወስደው ወደዚያ መጻሕፍት ቤት የገቡት ብራናዎች 350 ያህል ናቸው። ዛሬ የጐንደር ሰው ከአባቶቹ ብራና ብዙውን የሚያነበው ከተገኘ ከፎቶግራፍ ግልባጭ ላይ ነው። ብራናው ለንደን አለ፤ ንባቡ ጐንደር ገብቷል። ከኹለቱ የትኛው እንደሚሻል ቢጠየቅ ኹለቱንም እፈልጋለሁ የማይል የለም፤ ግን አንዱን ምረጥ ቢባል፥ ለመጸለይ የሚሻ ሰው ንባቡን ይመርጣል።

ድምፅ ይዞ ዝም ማሰኘት ደግሞ በኢትዮጵያ የታየ ነገር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ከተማው በዘፋኝ ሞልቶ ሳለ መብቱን የያዘው አካል የሚያሳትመው ጥቂት ነበረ። በፈረንጅ ቍጥር በ1969 አቶ ዐምኃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ተዳፍረው በውጭ አገር እያሳተሙ ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። ሕግ ጣሱ የሚላቸው ነበረ፤ ዛሬ ያ ዘመን ወርቃማ ተብሎ የሚጠራው ግን እርሳቸውና እርሳቸውን የተከተሉት ባወጧቸው ትንንሽ ሸክሎች ምክንያት ነው። እርሳቸው ባይደፍሩ ኖሮ ኋላ እንደ ገና የሚታተም ነገር አይገኝም ነበር።

የቅኔ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ ልዩ ችግር አለበት። በቅኔ ቤት ሥርዓት ቅኔ አንድ ጊዜ ለዕለቱ ይነገራል፤ ነገ ያንኑ ደግሞ እንደ አዲስ የሚያቀርብ ይናቃል። ተማሪው ሌሊቱን ሲቈጥር አድሮ ያገኘውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በበዓሉም ይነገራል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። እንደዚህ ባለ ትምህርት ያደገ ሰው ድምፅን በሰሌዳ ላይ አስሮ በየቀኑ መደጋገምን እንደ ነውር ቢያየው አይፈረድበትም፤ ከሊቃውንትም እንዲህ የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሥርዓቱን እስከ መጨረሻው መመልከት ይገባል። ባለ ቅኔው ቃሉን ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር፥ ሌላው ይቀበለውና ከፍ አድርጎ በዜማ ያሰማዋል፤ ጉባኤው ቅኔውን የሚሰማው ከተቀባዩ አፍ ነው። ተቀባዩ የእኔ ነው አይልም። በኋላም የተወደደ ቅኔ በየጉባኤ ቤቱ በቃል ይዞራል፤ ሲዞርም የባለቤቱ ስም አብሮት ይዞራል። እንግዲህ የቅኔ ሥርዓት የሚጸየፈው መድገምን አይደለም፤ ስምን አስቀርቶ መድገምን ነው። ቅኔ ዘረፈ የሚለውም ቃል ከራሱ አእምሮ ምርኮ ያመጣ ማለት ነው እንጂ ከጓደኛው አኰፋዳ የወሰደ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የርካሹ እትም ጥያቄ ወደ ሌላ ጥያቄ ይዞራል፤ ይኸውም ርካሽ ያደረገው ማን ነው? ከማንስ ጐድሎ ነው? የሚል ነው።

የጤፍ ዋጋ የሚወርደው መከሩ ስለ በዛ ሊኾን ይችላል፤ ወይም ሌባ ጐተራ ሰብሮ ስለ ሸጠ ሊኾን ይችላል። ገዢው ለኹለቱም የሚከፍለው አንድ ነው። የጃንጎ ራይንሃርትን ነገር ይመለከቷል። ይህ ሰው በሠረገላ የሚዞሩ ዘላኖች ልጅ ነበረ፤ በፈረንጅ ቍጥር በ1928 እሳት ግራ እጁን አቃጥሎት፥ በኹለት ጣት ብቻ ዜማውን እየመራ ዓለምን ያስደነቀ ጊታር መቺ ኾነ፤ በ1953 ሞተ። የአውሮፓ ሕግ ለተቀረጸ ድምፅ ለብዙ ጊዜ የ50 ዓመት ጥበቃ ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ፥ በሞተ በ50 ዓመቱ ድምፁ በዚያ ኹሉ አገር የማንም ኾነ፤ ማንም አሳታሚ ዐሥሩን ሸክላ በአንድ ሳጥን አድርጎ ለአንድ ራት በሚከፈል ዋጋ ሊሸጠው ቻለ። የጐንደሩ መምህር ያን ሳጥን ቢገዛ ጐተራ የሰበረ የለም፤ መከሩ በዝቶ ነው። የኢትዮጵያም ሕግ፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410፥ ለድርሰት ባለቤቱ በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፥ ለተቀረጸውም ድምፅ 50 ዓመት ጥበቃ ያቆማል።

በእማሆይ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከሞቱ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ዜማቸው ባለቤት አለው፤ በስማቸውም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ማኅበር በአሜሪካ ቆሟል። ከወራሾቻቸው ጋራ ተስማምቶ የሚያሳትም አሳታሚ ከርካሹ ዋጋ ላይ ድርሻ ይከፍላል። ሳይስማማ የሚገለብጥም አለ። ይህን ለማየት ፓሪስ መኼድ አያስፈልግም፤ በየከተማው፥ በጐንደርም ጭምር፥ ጥቂት ብር ተቀብሎ አንድ ሺህ ዜማ በፍላሽ ላይ የሚጭን ልጅ አለ። ከዚያ ሺህ መካከል የእማሆይ ቢገኝ፥ ምጽዋት ተብሎ የተቀረጸው ድምፅ ተሸጠ፥ ለተመጽዋቹ ግን አልደረሰም። ዋጋው ረከሰ፤ በኹለቱም ምስጢር ረከሰ።

እዚህ ላይ ኹለቱ ሰብሳቢዎች ራሳቸውን ቢመረምሩ ያልጠበቁትን ያገኛሉ። በጨረታ የገዛው ባለጠጋ ከከፈለው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለዜማው ባለቤትም ለቈሎ ተማሪም አትደርስም፤ ኹሉም ለሻጩ ነው። በውዱ የገዛው ሰው ከምጽዋቱ የራቀው ከኹሉ ይልቅ ነው። በፍላሽ የጫነውም እንደ እርሱ ርቋል፤ ልዩነታቸው አንዱ ብዙ ከፍሎ፥ ሌላው ጥቂት ከፍሎ መራቁ ነው። ወደ እማሆይ ሐሳብ የቀረበው በፈቃድ የታተመውን ርካሽ እትም የገዛው ነው። ረከሰ የተባለው ሸክላ ንጹሕ ኾነ፤ የከበረው ግን ባዶ ኾኖ ተገኘ። ይህን ለፊተኛው ሰብሳቢ መንገር ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ደግሞም ሸክላውን ሲገዛ ለማንም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን ዜማውን እወዳለሁ የሚል ሰው ዜማው ለምን እንደ ተዘጋጀ ሊያውቅ ይገባዋል።

ይቀጥላል የሚል ተቃዋሚ አለ፤ ታዲያ ያ የቈሎ ተማሪ ራሱ ዛሬ በጓደኛው ስልክ ያለ ዋጋ ቢሰማውስ? ሌባ ነውን? ይላል። በእውነት ከባድ ጥያቄ ነው። ሕጉ ልዩነት አያደርግም፤ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ነው። ኅሊና ግን ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ ያውቃል። ምግቡ ለተራበ ተዘጋጅቶ ሳለ የተራበው በጓሮ በር ገብቶ ቢበላ፥ የቤቱ እመቤት በር ሰብሮ ገባ ብላ ትከስሰዋለችን? ምናልባት በሩን ለምን እንዳላንኳኳ ትጠይቀው ይኾናል።

ለኹለተኛው ሰብሳቢም የሚነገር አለ፤ ርካሽነት የራሱ ፈተና አለበትና። ውድ ነገር ሰውን በስስት ይፈትነዋል፤ ርካሽ ነገር ደግሞ በሆዳምነት ይፈትነዋል። መምህሩ መጀመሪያ አንድ እትም በያዘ ጊዜ ከሥራ ሲመለስ በየማታው ይሰማው ነበር፤ የቤት አልባውን ተንከራታች ስም የያዘውን ዜማ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በልቡ ያውቀው ነበር። ዐሥር ሲሞላ መስማቱ ወደ እሑድ ተወሰነ። ከሠላሳ ካለፈ በኋላ አዲስ የመጣውን ሽፋኑን ተመልክቶ፥ ቍጥሩን በደብተር ጽፎ፥ በመደርደሪያው ላይ ያቆመዋል። ገዛው። አማርኛ እዚህም ላይ ኅብር አለው፤ ገዛ ማለት በገንዘቡ ወሰደ ማለት ነው፥ ገዛ ማለት ሠለጠነበት፥ ነገሠበትም ማለት ነው። መምህሩ ሠላሳውን ገዝቷል፤ ከሠላሳው ግን በስንቱ ላይ እንደ ሠለጠነ ቢጠየቅ ከመጀመሪያው ውጭ መልስ የለውም። ከመደርደሪያው ጐደሎ የኾነች አንዲት ቍጥር ያለች እንደ ኾነ ግን እንቅልፍ ትነሣዋለች። እንግዲህ ማን ማንን ገዛ?

በአንጻሩ በበአታ ደብር አቋቋም የሚማረው ልጅ አንድም ሸክላ የለውም። መምህሩ ያሰሙትን በዚያው ዕለት ካልያዘ ነገ ለሌላው ተማሪ ተራ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሲሰማ በሙሉ ጆሮው ይሰማል፤ ጆሮው በድኽነት ተስሏል። በመቋሚያው መሬቱን እየመታ፥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲኼድ የሚታየው ገንዘቡን እየቈጠረ ነው፤ ሌባ የማይወስደው ገንዘብ። እንዲህ ሲባል ግን ድኽነቱ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ እማሆይም ዐይተው ያዘኑበትን ረኃብ ለጆሮ ጥራት ብሎ ማመስገን ጥጋበኛ ብቻ የሚያደርገው ነው። ልጁ በልቶም ሊሰማ ይችላል።

ከምሽቱ ዐሥራ ኹለት ሰዓት ሲኾን መምህሩ ከሥራ ተመልሶ ቡናውን አስቀርቦ፥ ብዙ ጊዜ ያልነካትን የመጀመሪያዪቱን እትም ከመደርደሪያው አወረደ እንበል። ፒያኖው ጀመረ፤ ያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚል፥ ቤቱን የረሳ ሰው እግር የመሰለ አካኼዱ ክፍሉን ሞላው። በዚህ መካከል ከውጭ አጥሩ ሥር ውሻ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ቀጭን የልጅ ድምፅ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። መምህሩ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እጁን ዘርግቷል፥ ገና አልነካውም። ዜማው ግማሽ ላይ ነው፤ ልጁም በአንድ ደጅ ብዙ አይቆምም።